ያው ናት ያልንበት ክረምት

ባለቤቴ ጮሌ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ናት፤ እኔ ደግሞ አሰላ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነኝ። ሁለታችንም ከሌላ ክልል ተመድበን የመጣን ነን። ስንጋባ «ዝውውሩ ዛሬ ነገ ይደርሳል» ተብለን ነበር፤ ልጃችን ሰባት ዓመት እስኪሞላት አልደረሰም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «አንተ መንገድ ቀያሽ ሆነህ ሚስትህን የሚያመጣ መንገድ ጠፋህ?» እያሉ ያሾፉብኛል። መጀመሪያ ሰሞን አብሬያቸው እስቅ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሳቁ እየመረረኝ መጣ።

ልጃችን ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ ለማልቀስም ዘግይታ ነው ወደዚህ ዓለም የገባችው። ያደገችው ጮሌ፣ እናቷ ጋ ነው። ዓመት ሲሞላት እኩዮቿ ወንበር እየያዙ ሲቆሙ እሷ አልቆመችም። እናቷ በብብቷ ይዛ እያቆመች «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» ትላታለች፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጨበጭባል፣ ልጅቱም በደስታ ትንፈራገጣለች፤ እግሮቿ ግን እንደ መቀስ ይጠላለፉና መሬቱን የምትነካው በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው። ይህ ለወራት፣ ከዚያም ለዓመት ቀጠለ። አንድ ቀን እኔም ለጥየቃ ሄጄ እዚያው ሳለሁ፣ አንዲት ጎረቤት እንደ ልማዷ «ወፌ…» ብላ ስትጀምር፣ ባለቤቴ ልጇን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አደረገቻት።

«ከእንግዲህ ማንም እንዳይላት» አለች። «ራሷን ችላ የቆመች ቀን እኔ እላታለሁ። እስከዚያ ይቀመጥልኝ።»

ጎረቤቷ የተቀየመች መሰለኝ። ባለቤቴ ግን በሰው አልነበረም የተናደደችው። ስንት ጊዜ ተናግራው ባዶውን በተመለሰባት ቃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ቃል በቤታችን እንደ ክት ልብስ ተጣጥፎ ተቀመጠ። የጎረቤት ሕፃናት ቆመው መሄድ ሲጀምሩ እንኳ እናቶቻቸው እኛ ፊት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

አምስት ዓመቷ ላይ አሰላ ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ «ሴሬብራል ፓልሲ» የሚለውን ስም ነግሮን ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራን። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ እንደኛው ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝቶ ቁርጭምጭሚቷን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋው፤ እግሯ እንደተቆለፈ በር እምቢ አለ።

«እግሯ ላይ በሽታ የለም» አለን። «የተጎዳው ጡንቻን የሚያዘው የአንጎሏ ክፍል ነው። ጡንቻዎቿ ሁልጊዜ እንደተወጠሩ ናቸው፣ እየቆየም ያጥራሉ። አንጎሏ ላይ የደረሰውን ጉዳት ማጥፋት አንችልም። ጡንቻው እንዲረዝም፣ ተረከዟ መሬት እንዲነካ፣ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ግን ልንሠራ እንችላለን። ለዚህ ሥራ ልጅቷ በየሳምንቱ መምጣት አለባት።»

በየሳምንቱ! ከጮሌ አሰላ በየሳምንቱ መመላለስ ለጤነኛ ሰውም ከባድ ነው፤ በክረምት ደግሞ አይታሰብም። ባለቤቴ ስለ መንገዱ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ፣ «እንግዲህ አንተ ጋ ትሁን» አለችኝ። ልጅቷ ያን ጊዜ ጀርባዋ ላይ ነበረች። ገበያም፣ ለቅሶም፣ ቢሮም አዝላት ስትዞር ኖራ፣ አውርዳ ለእኔ ስትሰጠኝ ወገቧን እንዴት እንደምታቃና እንኳ ጠፍቷት፣ ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆመች። ነጠላዋን አጥፋ በእጇ ይዛ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ከኋላዋ ሳያት፣ የዚያች ሴት ጀርባ ባዶውን ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያን ቀን ገና አየሁ።

አሰላም እንግዲህ በዚህ አወቀኝ፦ ልጁን በጋቢ አዝሎ ጭቃ የሚያቋርጠው ረጅም ሰውዬ። ወንድ ልጅ ሲያዝል ማየት የሚያስቃቸው ነበሩ፤ ይሳቁ። እኔን ያንገበግቡኝ የነበሩት አጽናኞቼ ናቸው። አገሩ የሯጮች አገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቱታ የለበሱ ልጆች በደጃችን እየተከታተሉ ሲያልፉ ልጄ በመስኮት ታያቸዋለች። ታዲያ ሊያጽናናኝ የፈለገ ሁሉ «አይዞህ፣ የዚህ አገር አየር ራሱ ያስሮጣል» ይለኛል። አየሩን መች አልተነፈስነውም? ይህን ያላለኝ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ይህን ተረት ደጋግመው ከመንገራቸው የተነሳ እንቁላል ባየሁ ቁጥር እበሳጭ ጀመር። እስከ ዛሬ ሲሄድ ያየሁት እንቁላል የለም።

የተከራየሁት ከአንዲት አሮጊት ግቢ ነው። ሁላችንም አኮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። በግቢው ሌላ ተከራይ አለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ። እኔ ቢሮ ስውል ልጄን የሚይዙልኝ አኮ ነበሩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝን ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ፦ ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ጉልበቷን ዘርግቼ ይዤ፣ ተረከዟን በመዳፌ አቅፌ እግሯን ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አጥፋለሁ፤ እንዳላሳምማትም እንዳልተዋትም። ጡንቻው በኃይል ከሄድክበት ይብሳል፤ ከጠበቅኸው ግን አንድ ቦታ ላይ ተነፈስ ብሎ ይለቃል። እኔ ችኩል ሰው ነኝ። ጡንቻ መጠበቅን በግድ ተማርኩ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ጀሶ ተጀመረላት። ባለሙያው እግሯን እስከቻለው ድረስ አጥፎ ከጉልበቷ በታች በጀሶ ይሸፍነዋል፤ በሳምንቱ ያንን ይፈታና ትንሽ ጨምሮ አጥፎ አዲስ ያስራል። እንዲህ እየተባለ ያጠረው ባት ቀስ በቀስ ይረዝማል። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የአሰላን ብርድ ግን ማን ለጀሶ ነገረው? አልደርቅ ብሎ ከሰል ምድጃ ፊት ተቀምጠን እግሯን እያገላበጥን እናሞቀዋለን። ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል እንጠቀልለዋለን። ጀሶ የሚቆርጠው መጋዝ ጩኸቱ ስለሚያስፈራት፣ ባለሙያው በየጊዜው መጀመሪያ የራሱ መዳፍ ላይ አስነክቶ እንደማይቆርጥ ያሳያታል፤ እሷም በየጊዜው ካላየች አታምንም። የመጨረሻው ጀሶ ሲፈታ ባቷ ቀጥኖና ገርጥቶ ነበር፤ ተረከዟ ግን ወለሉን ነካ። እጄን ሰድጄ በተረከዟና በወለሉ መሀል ቦታ እንዳለ ፈለግሁ። የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ባለሙያው ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመልኝ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ ተሠርቶ የመጣ የፕላስቲክ መደገፊያ ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ታሰረላት፤ በላዩ ላይ ሰፋ ያለ ጫማ ታደርጋለች። እኔም አጣና ገዝቼ በአኮ አጥር ሥር ሁለት አግድም ዘንጎች ጎን ለጎን ተከልኩላት። ሥራዬ መስመር ማስተካከል ስለሆነ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አደነቃቸው። ልጄ በሁለት እጇ ዘንጎቹን ይዛ ከጫፍ ጫፍ ትሄዳለች። አኮ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በይ የኔ እናት» ይሏታል። ከዘንጎቹ ጫፍ ስትደርስ ግን ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ ቦታ ያስፈራታል።

ሐምሌ ላይ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ አኮ የረጠበ ስንዴ በሰፌድ አውጥተው አሰጡ። ልጄ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ እኔ ደጃፉ ላይ የጫማዬን ማሰሪያ እየጠገንኩ ነው፤ ነርሷ ልብስ ታሰጣለች። የአኮ ዶሮ መጣችና ሰፌዱ ላይ ወጣች። አኮ ተነስተው እስኪደርሱ ልጄ «ሹ! ሹ!» አለች፣ ዶሮዋም ንቃት ዝም አለች። ያን ጊዜ ልጄ ተናደደች። ተናዳ ዘንጉን ለቀቀች።

ሄደች። ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ እየተጋጩ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ትከሻዋ ከወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ፣ ዓይኗን ከዶሮዋ ሳትነቅል ሄደች። ሰፌዱ ጋ ልትደርስ ስትል በግንባሯ ጭቃ ላይ ተደፋች። ልሮጥ ብድግ ስል አኮ እጃቸውን ዘረጉብኝ። ልጅቷ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ እንደተማረችው በአራት እግሯ ሆነች፣ አንድ ጉልበቷን አቆመች፣ መሬቱን ገፍታ ተነሳች። ከዚያ ዞራ አየችን፤ ዘንጎቹ ከኋላዋ ርቀው ነበር። ያደረገችው ገና ያን ጊዜ ገባት።

ነርሷ እርጥብ ልብሱን ጥላ «ወፌ…!» ስትል ሁለት እጄን አነሳሁባት።

«እንዳትይው! እሱ የእናትየዋ ነው።»

የቃሉን ነገር ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበርና ነርሷ አፏን ያዘች። ታዲያ ምን እናድርግ? ደስታው አፍኖን ልንፈነዳ ነው። አኮ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው። አንድ ቃል ሳይወጣን፣ እንባችን እየወረደ፣ አጨበጨብን። ልጄ በጭቃ ተለውሳ መሀል ቆማ «ለምንድን ነው የማታወሩት?» አለች።

ምክሩ የተመከረው እዚያው ነው። ነርሷ «በቪዲዮ አንስተን እንላክላት» አለች። አኮ አልተዋጠላቸውም። «እናት የልጇን እግር በስልክ ታያለች እንዴ? ቅዳሜ ትመጣ የለ? በዓይኗ ትይ፣ በአፏ ትበል። ለሷ የመጀመሪያው ያ ነው፤ የዛሬውን እኛ አላየንም። ወላሂ አላየሁም!» አሉ። እኔም ነገሩ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ስንት ዓመት አስቀምጣው የኖረችውን ቃል በኔትወርክ መቆራረጥ መሀል «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለች እንድትጨርሰው አልፈለግሁም። ውሾን ያነሳ ውሾ ተባባልን። ልጄ ምስጢር ሲሰጣት የመጀመሪያዋ ነበርና ከመሄዷ ይልቅ በምስጢሩ የኮራች መሰለች።

ቅዳሜ ግን ባለቤቴ አልመጣችም። የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ በዘመቻ ይሠራ ተብሎ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ገጠር ወረዱ። የሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ዘመቻው ሲያልቅ ዝናቡ በረታና መኪና በጭቃ እየተያዘ መንገዱ ተቆረጠ። እኛ ለአራት ቀን ብለን የያዝነው ምስጢር ሳምንት ሳምንትን እየወለደ ክረምቱን ሙሉ እጃችን ላይ ቀረ። ልጄ ደግሞ በየቀኑ ትሄዳለች። ከዘንጎቹ እስከ አኮ በር፣ ከአኮ በር እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ ግቢው መዝጊያ። ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ባለሙያው ሲያያት ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «አሁን ነው ሥራው የሚጀምረው» አለኝ። «እያደገች ነው። አጥንቷ ሲረዝም ጡንቻዋ ካልተከተለ ተመልሳ በጣቷ መቆም ትጀምራለች። ማፍታታቱ ይቀጥላል፣ መደገፊያውም ባደገች ቁጥር ይቀየራል። እድገቷ እስኪያበቃ አንላቀቅም።»

ማታ ማታ ባለቤቴ ትደውላለች።

«እንዴት ናት?»

«ያው ናት።»

«ያው ማለት?»

«ያው ናት በቃ፣ ደህና ናት፣ ትሠራለች።»

ስልኩን ለልጄ ስሰጣት፣ ምስጢሩ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ «እ… እ…» ብቻ ትላለች። ከጎን አኮ በጣታቸው ዝም በይ ይሏታል። እኛ በሳቅ እንታፈናለን። ጮሌ ያለችው እናት ግን ሳቃችንን አታይም። የምትሰማው የልጇን ዝምታና የእኔን «ያው ናት» ነው። ከሳምንት ሳምንት ድምጿ እየቀዘቀዘ፣ ጥያቄዎቿ እያጠሩ ሲሄዱ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ የማየው የሚመጣውን ቅዳሜ ብቻ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ «ያው ናት» ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«እሺ። ያው ከሆነች እኔ ጋ ያው ትሁን።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሰጠኋችሁ። ጀሶውንም፣ ፕላስቲኩንም፣ ሁሉን አየነው። እግሯ ላይሆን ልጄን ለምን አጣለሁ? ድምጿ እንኳ ተለወጠብኝ፤ አታወራኝም። መንገዱ ሲከፈት መጥቼ እወስዳታለሁ። አዝላታለሁ፤ አሁንም እችላለሁ።»

ልነግራት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መንገዱ በዚያው ሳምንት እንደሚከፈት ሰምቼ ነበርና «ትምጣ፣ ስታይ ይወጣላታል» ብዬ ዋጥኩት።

ጳጉሜን ሊገባ ሲል፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ሰው ሁሉ እንዳጋጣሚ ግቢው ውስጥ ተገኝቷል፤ ነርሷ ፈረቃ ቀይራ ቀርታለች፣ አኮ አዲስ ሻሻቸውን አስረዋል። ባለቤቴ ከባጃጅ ወረደች። ከስታለች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። በእጇ ሻንጣ ይዛለች። ልቀበላት ሄጄ ሳነሳው ክብደት የለውም።

«ባዶ ነው» አለችኝ። «ለልብሷ ነው።»

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደተባባልነው እናቷ መሀል ግቢ እስክትደርስ ጠበቀች። ከዚያ ምሰሶውን ይዛ ቆመች፣ ምሰሶውን ለቀቀች፣ መጣች። ባለቤቴ መጀመሪያ የምታየውን አላመነችም፤ ወደ እኔ ዞረች፣ እንደገና ወደ ልጇ ዞረች፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«ወፌ ቆመች!» አለች። ድምጿ ተሰንጥቆ ወጣ። «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!»

ክረምቱን ሙሉ ታፍኖ የከረመው ግቢ ያን ጊዜ አፉን ከፈተ። ነርሷ ጮኸች፣ አኮ እልል አሉ፣ ከአጥር ማዶ ያሉት ሳይቀሩ «ወፌ ቆመች» አሉ። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም። ልጄ በሳቅ እየተፍለቀለቀች ወደ እናቷ መጣች። መሀል ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነበር። ልጄ ሳታየው፣ እንደለመደችው፣ ዞር ብላ በዳሩ አለፈችው፤ ሻርፗ ሲወድቅም ተመልሳ፣ ጎንበስ ብላ አንስታ መጣች።

ባለቤቴ ማጨብጨቧን አቆመች። ልጇን አቀፈቻት፣ አንገቷ ሥር ገብታ ሳመቻት፣ አለቀሰች። በልጅቷ ትከሻ ላይ ግን ዓይኗ እኔን ያይ ነበር። ዛሬ መሄድ የጀመረ ልጅ ጉድጓዱ የት እንዳለ በልቡ አያውቅም። ያን ቀን ከጎረቤቱ ጋር ሳቀች፣ አኮን እጃቸውን ይዛ አመሰገነች፣ ከልጇ ጋር እየሄደች ግቢውን ዞረች። ሻንጣው ግድግዳው ሥር፣ እኔ ባስቀመጥኩበት ቦታ ዋለ አደረ።

እሑድ ከምሳ በኋላ መናኸሪያ ልንሸኛት ሄድን። ልጄ መሀላችን ሆና፣ እኛ ባንይዛትም ልንይዛት እንደተዘጋጀን ሆነን፣ በዝግታ ደረስን። የጮሌ መኪና ገና አልሞላም። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ ባዶውን ሻንጣ ጭኗ ላይ አድርጋ ታሻሸው ጀመር።

«መቼ ነው የሄደችው?» አለችኝ፣ ሳታየኝ።

ነገርኳት። ማንም ክፉ እንዳላሰበ፣ የመጀመሪያውን ለሷ ልናቆይላት እንደፈለግን ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አኮን ሳያቸው ገባኝ። አልተቀየምኳችሁም።» የሻንጣውን ዚፕ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ግን የኔ ነበር። ከፋም በጀም በሰዓቱ ሰምቼው፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬንም ብሆን ማልቀስ የኔ ነበር። እናንተ እዚህ ስታጨበጭቡ እኔ እዚያ ልብሷን የት እንደምሰቅል ቦታ አዘጋጅ ነበር። አልጋዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት። ጎረቤቶቼን ልጄ ልትመጣ ነው ብዬ ነገርኳቸው።»

«እኮ ደስ አይልሽም? ሄደች እኮ!»

«ደስ ብሎኛል። እንዴት ደስ አይለኝም?» አለችኝና ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። «ስለሄደች ነው እኮ የማልወስዳት። ያው ብትሆን ይዣት እሄድ ነበር።»

በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ የተመኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ሦስታችን አንድ መኪና ውስጥ ገብተን፣ ወዴትም ይሁን፣ አንድ ላይ መሄድ ነበር። ዝውውርም፣ ቀጠሮም፣ ሥራም ይቅር አልኩ በልቤ። ግን ሰኞ ጠዋት ፊዚዮቴራፒስቱ ይጠብቀናል፤ ይህን እሷም ታውቃለች። የከፋኝም ማወቋ ነው።

ልጄ ስታዳምጠን ነበር። ምስጢሩ እንደወጣ ስታውቅ ፊቷ በራ፤ ክረምቱን ሙሉ ከንፈሯን ስትነክስ የከረመች ልጅ ናት።

«እማ፣ ላሳይሽ? መጀመሪያ ቀን እንዴት እንደነበር ላሳይሽ?»

«አሳዪኝ» አለች እናቷ።

ልጄ ከአግዳሚው ወረደች። መሬት ላይ የተጣለ የዘይት ጀሪካን እያመለከተች «ያ ዶሮዋ ይሁን» አለች። «ስንዴው እዚያ ነው። አኮ እዚህ ናቸው። አባ ጫማ እየሰፋ ነው፣ ነርሷ ልብስ ታሰጣለች። አንቺ…» አለችና አሰበች። «አንቺ እዚህ ነሽ። እያየሽኝ ነው።»

ከዚያ ጉልበቶቿን ወደ ውስጥ አጋጨች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ትከሻዋን ከወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች፣ ያን የሐምሌውን አካሄድ ሄደች። አሁን ከዚያ የተሻለ መሄድ ትችላለች፤ ለእናቷ ስትል ግን እየተንገዳገደች፣ እየተጣመመች ሄደች። «ሹ! ሹ!» አለች። ባለቤቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ታያታለች። በመናኸሪያው የሚያልፍ የሚያገድመው ቆሞ ያይ ጀመር።

«ጮሌ! አንድ ሰው! ጮሌ!» አለ ረዳቱ። ባለቤቴ አልሰማችውም። እኔ ሻንጣዋን ይዤ ወደ መኪናው ሄድኩ፤ ረዳቱን ትንሽ ቆይልኝ ብዬ ለመንኩት። «ጋሼ፣ መኪናው ሞልቷል፣ ደመናውን አታየውም እንዴ?» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ዝናቡ ከወረደ መንገዱ ላይ ነው የሚያድሩት። ተመልሼ ባለቤቴን ክንዷን ያዝኳት። ልጇን ስማ፣ እንደገና ስማ፣ ወደኋላ እያየች ገባች። የመስኮቱ ወንበር ደረሳት። መስታወቱን ከፍታ፣

«ቀጥዪ!» አለቻት። «እያየሁሽ ነው፣ ቀጥዪ!»

ልጄ ካቆመችበት ጀመረች። ጀሪካኑ ጋ ልትደርስ ስትል በግንባሯ ተደፋች፤ ሆን ብላ፣ ልክ እንደዚያ ቀን። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ባለቤቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ነበር፤ ያየችው የመጨረሻ ነገር ልጇን መሬት ላይ ተዘርግታ ነው። ልጄ በአራት እግሯ ሆነች፣ አንድ ጉልበቷን አቆመች፣ መሬቱን ገፍታ ተነሳች፤ ዞራ ስታይ መኪናው በመናኸሪያው በር እየወጣ ነው። እጇን ዘርግታ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች፣ አሁን በራሷ አካሄድ፣ በምትችለው ፍጥነት ሁሉ።

«እማ ቆይ! መነሳቴን አላየሽም! ገና አልጨረስኩም እኮ!»